የደረቀው ግማሽ፦ ከአንድ አሮጌ ጥድ ጋር የአንድ ዓመት ማስታወሻ

ማርች 2፣ 2024፣ ቅዳሜ

ዛሬ ዛፉን በወስፌ መረመርኩት። ወስፌው የእማዬ ነው፤ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከአለላዋ ጋር ጠቅልላ ያመጣችው። ደረቅ እንጨት መበስበሱን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ እስካሁን አላገኘሁም። ጫፉን ታስጠጋለህ፣ በቀስታ ትገፋለህ፤ ጤነኛ እንጨት ይመልስልሃል፣ የበሰበሰው ያስገባሃል።

ዛፉን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ጃፓኖች ሺምፓኩ የሚሉት የጥድ ዓይነት ነው፤ የእኛ የቤተ ክርስቲያን ጥድ የቅርብ ዘመዱ ነው። ቁመቱ ከሸክላው አፍ እስከ ጫፍ 62 ሴንቲ ሜትር፣ ግንዱ ከታች 11 ሴንቲ ሜትር። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የዛሬ ሁለት ዓመት ልጃቸው ወዳለችበት ግዛት ሲሄዱ ለእኔ ተዉልኝ። እሳቸው እጅ ብቻ 40 ዓመት ግድም ኖሯል፤ ከዚያ በፊት ያለውን እሳቸውም አያውቁትም። "ውሃ አትርሳ፣ ቤት አታስገባው" ብለውኝ ሄዱ። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ትንሽዬ ጓሮዬ ጥግ ላይ በጠረጴዛ ተቀምጧል።

ከግንዱ ግማሹ በላይ ሙት ነው። ልጥ የለውም፣ ነጭ እንጨት ብቻ። ሕይወት ያለው ከሥር ተነስቶ ግንዱን እየተጠመጠመ የሚወጣ፣ ሦስት ጣት የሚያህል ቀላ ያለ ጅማት ነው፤ ቅጠሉን በሙሉ የሚመግበው እሱ ነው። ይህ በሽታ አይደለም፣ የዛፉ መልክ ነው። ተራራ ላይ ንፋስና በረዶ በብዙ ዘመን የሚሠሩትን ነገር የቦንሳይ ሰዎች፣ ማለትም ዛፍን አሳንሰው በሸክላ የሚያሳድጉት፣ በሸክላ ላይ ያሳዩበታል። ልጡ የተገፈፈውን የግንድ ክፍል ሻሪ፣ ደርቆ የቀረውን ቅርንጫፍ ጂን ይሉታል።

ወደ ወስፌው ልመለስ። ላይ ላዩ እንደ ቀንድ ነው። መሐሉም ደህና። ከኋላ በኩል ግን አፈሩ አጠገብ፣ የግማሽ ጡጫ ስፋት ያለው ቀዳዳ ስቱኮ በሚመስል ግራጫ ነገር ተደፍኗል። ማን እንደደፈነው አላውቅም። በስቱኮውና በእንጨቱ መካከል ፀጉር የምታክል ክፍተት አለች። ወስፌውን በእሷ አስገባሁት፤ ምንም ሳይይዘው እስከ እጀታው ድረስ ገባ።

ማርች 9

ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ዛሬ ስቱኮውን አወጣሁት፤ መሮ እንኳን ብዙ አላስፈለገውም፣ እንደ ጠርሙስ ቡሽ በአንዴ ተነቅሎ መጣ። ከኋላው ያለው ጥቁር፣ እርጥብ፣ እንደ ጠላ አተላ የሚዛቅ ነገር ነው። ሁለት ትንንሽ ነፍሳት ሮጠው ወጡ። ሽታው ክረምት ላይ የተከማቸ ቅጠል ሲገለበጥ የሚሸት ሽታ ነው።

በሻይ ማንኪያ ዛቅኩት። ከዚያ በመሮ፣ ከዚያ በጥርስ ሐኪም መፋቂያ። ጠንካራ እንጨት ጋ ስደርስ አቆምኩ። የወጣው አንድ የቡና ስኒ ሞላ።

ቀዳዳ መድፈን ለሚያስብ ሰው ነገሩ ግልጽ ይሁንለት፤ እኔም ከዚህ በፊት ብሆን እደፍነው ነበርና። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቀት ይሰበሰባል። ስቱኮው አያብጥም አይሰበሰብም። ስለዚህ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳያልፍ ይለያያሉ፤ ውሃው በክፍተቱ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ፀሐይም ንፋስም አይነካውም። ዝናቡን ለመከልከል የተደረገው ድፍን ዝናቡን የሚያቁር ጋን ሆነ ማለት ነው። የአጥር ቋሚ የት ጋ ነው የሚሰበረው? ላይ አይደለም፣ መሬት ውስጥ ጠልቆ የገባው ጫፍም አይደለም። አፈርና አየር የሚገናኙበት ላይ ነው፤ እርጥበቱም አየሩም እዚያ ስላለ። የዚህ ዛፍ ስቱኮም እዚያው ላይ ነበር።

መልሼ አልደፈንኩም። ጅማቱ የት እንደሚያልፍ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ ከፍልፍሉ ወለል ወደ ኋላና ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በድሪል በሳሁ። እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ውሃ አፈሰስኩበት፤ ከኋላ እንደ አሸንዳ ወረደ።

ማርች 30

የቼሪ አበባው በ17 ነው የደመቀው፤ አሁን ረግፏል። ለጥድ ሸክላ የመቀየሪያ ጊዜ ነው።

ዛፉን ከሸክላው ሳወጣ ትልቁ ጥፋት ተገለጠ። የደረቀው እንጨት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ተቀብሯል። በየጊዜው ከላይ አፈር ሲጨመርለት ኖሮ ነው መሰለኝ። ሥሩን በሙሉ ማራቆት ለእንዲህ ያለ አሮጌ ጥድ ሞት ስለሆነ የግማሹን ብቻ አሮጌ አፈር በእንጨት መንጠቆ አወጣሁ፤ ሌላው ግማሽ በሚቀጥለው ጊዜ። ከሙቱ ጎን የወጣ አንድ ጥቁር የሞተ ሥር ነበር፤ ቆርጬ ጣልኩት። ከዚያ ዛፉን ከፍ አድርጌ መልሼ ተከልኩት፣ ደረቁ እንጨት ከአፈር በላይ እንዲሆን። አፈሩ አካዳማ የሚባል የጃፓን የሸክላ አፈር ጠጠር፣ ፑሚስ የሚሉት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ቀይ የላቫ ጠጠር ነው። ከደረቁ እንጨት ሥር ያለውን ግን ፑሚስ ብቻ አደረግኩት፤ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል።

በሽቦ ከሸክላው ጋር አጥብቄ አሰርኩት። ዛፉ በንፋስ ከተነቃነቀ አዲሱ የሥር ፀጉር ይበጠሳል። ይህን አምና በሌላ ዛፍ ተምሬዋለሁ፤ ያ ዛፍ ዛሬ የለም።

ኤፕሪል 13

አልነካሁትም። መኪናው፣ ጠረጴዛው፣ ሸክላው ሁሉ ቢጫ የአበባ ዱቄት ለብሷል። የዛፉ ጫፎች መፍካት ጀምረዋል።

ኤፕሪል 27

ጽዳት። በክረምቱ እርጥበት በሰሜን ፊት ያለው ደረቅ እንጨት አረንጓዴ ለብሶ ነበር። ንጹህ ውሃና የጥርስ ብሩሽ፣ ሌላ ምንም። በእንጨቱ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ አቋርጦ መፈተግ ክሩን ያነሳዋል፣ የተነሳ ክር ደግሞ ውሃ ይይዛል።

ሁለት ነገር ልጻፍ፤ ሁለቱም የእኔ ጥፋት ናቸው።

አንደኛው የአምናው ነው። እንጨት ማጠንከሪያ ፈሳሽ ገዝቼ፣ እንጨቱ መድረቁን ሳላረጋግጥ፣ ዝናብ በጣለ በሁለተኛው ቀን ከታች እስከ ላይ ቀባሁት። አብረቀረቀ፣ ደስ አለኝ። ዛሬ ብሩሹ ሲነካው እንደ እባብ ቆዳ እየተላጠ መጣ። ከሥሩ ያለው እንጨት ከመቀባቴ በፊት ከነበረው ይልቅ ለስልሷል፤ እርጥበቱን አሽጌበት ነበር። ከስቱኮው ጋር አንድ ዓይነት ጥፋት ነው፣ የእኔው ቀጭን መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ሁለተኛው የዛሬ ነው። ቸኩዬ የጅማቱን ጠርዝ በብሩሽ ላጥኩት። የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያህል ቦታ እርጥብ አረንጓዴ ሆኖ ታየ። የቁስል ማሸጊያ ቀባሁት። ጅማቱን አይገድለውም፤ ያቺ ቦታ ግን ትደርቃለች፣ ሕያው ክፍሉም በዚያው ልክ ይጠባል። ሦስት ጣት ብቻ ላለው ዛፍ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሜይ 5፣ ፋሲካ

ሥራ የለም። ቡና ሲፈላ እማዬ መስኮቱ ጋ ቆማ "ያ ሾጣጣው ደረቅ ምንድን ነው የምትሉት?" አለችኝ።

"ጂን።"

"በስመ አብ!" አማተበች። "በዓመት በዓል እንዲህ ያለ ስም ይጠራል?"

የጃፓን ቃል መሆኑን አስረዳሁ። አልተዋጠላትም። ከዛሬ ወዲህ በቤታችን ስሙ "ቀንዱ" ነው፤ እውነት ለመናገር ከጃፓንኛው ይልቅ ይገልጸዋል። ከዚህ በኋላ እኔም ቀንድ እያልኩ ነው የምጽፈው።

ደግሞም እንዲህ አለች፦ "ጥድ ከሆነ ምን አስጨነቀህ? ጥድ አይነቅዝም። የአያትህ ቤት ምሰሶ ጥድ ነበር።" አያቴ ቤት ያለው ምሰሶ ከትልቅ ዛፍ የተፈለጠ የመሐል እንጨት ነበር። የጥድ ልቡ ቀይ ነው፣ ዘይትና ሽታ አለው፤ ሻጋታም ምስጥም ቶሎ አይደፍሩትም። በልቡ ዙሪያ ያለው ነጩ እንጨት ግን እንደማንኛውም እንጨት ይበሰብሳል። ትንሽ ቅርንጫፍ ደግሞ አብዛኛው ነጭ ነው፣ ልብ ገና አላወጣም። አሮጌ ሻሪ ለዘመናት ሲቆም በቅርቡ የተሠራ ቀጭን ቀንድ በጥቂት ዓመት የሚበሰብሰው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ለእማዬ አልነገርኳትም፣ ሁለተኛው ቡና ቀርቦ ነበር።

ጁን 15

የኖራና የድኝ ቀን። ይህ ፈሳሽ ኖራና ድኝ አብረው ተቀቅለው የሚሠራ፣ ብርቱካናማ መልክ ያለው፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ነገር ነው። ገበሬዎች ለፍራፍሬ ዛፍ ሻጋታ ይጠቀሙበታል፤ የቦንሳይ ሰዎች ደረቁን እንጨት ከሻጋታ ለመጠበቅና ለማንጣት።

ቀኑን የመረጥኩት ለሦስት ቀን ዝናብ እንደሌለ አይቼ ነው። አፈሩን በፌስታል ሸፈንኩ፣ ጅማቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደረግኩ። ጓንትና የዓይን መከላከያ ግድ ነው፤ አንድ ጠብታ ቆዳ ላይ ይለበልባል፣ ዓይን ላይ ከሆነማ አይወራም። ኮምጣጤ ወይም ሌላ አሲድ ያለው ነገር አጠገቡ አይደርስም፤ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ቤት ውስጥም ፈጽሞ።

እንጨቱን አስቀድሞ በውሃ እንደ ጤዛ ማርጠብ ያስፈልጋል። ደረቅ እንጨት ላይ ፈሳሹ ፊቱን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ትንሽ እርጥበት ካለው ስቦ ያስገባዋል። በትንሽ የስዕል ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ቀባሁ። መጀመሪያ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆነ፤ ፀሐዩ ሲወጣበት በዓይኔ ፊት መንጣት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ አጥንት መሰለ።

ያልገመትኩት ንፋሱን ነው። ቅዳሜ ስለሆነ እማዬ ሁለት ጓደኞቿን ቡና ጠርታ፣ ዕጣን አጭሳ፣ የጓሮው በር ተከፍቷል። አንደኛዋ ተነስተው "የጋዝ ምድጃው ይታይ" አሉ። ሌላዋ በጨዋነት ዝም ብለው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። እማዬ የተናገረችው እዚህ አይጻፍም።

ጁን 16

በጣም ነጥቷል። ማስታወቂያ ላይ ያለ ጥርስ ይመስላል። ሽማግሌው ፈሳሹ ውስጥ ሁለት ጠብታ ጥቁር የስዕል ቀለም ይጨምሩ እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። ለሚቀጥለው ዓመት። ፍልፍሉ ውስጥማ ጠቆር ቢል ነው የሚያምረው፤ ጥላ ያለው ቀዳዳ ጥልቅ ይመስላል።

ጁላይ 6

ሙቀቱ አይቻልም። ጠዋት ከሌሊት ሥራ ስመለስ አጠጣለሁ፣ ማታ ከመውጣቴ በፊት እንደገና። ሳጠጣ አፈሩን እንጂ ደረቁን እንጨት አላጠጣም፤ ይህን ልማድ ማድረግ አንድ ወር ፈጀብኝ። እጅ በለመደው ከላይ ያርከፈክፋል።

የመሐል ቅጠሉ አቧራ የነካው መሰለኝ። ነጭ ወረቀት ከሥር ይዤ ቅርንጫፉን መታ መታ አደረግኩ። ወረቀቱ ላይ የበርበሬ ብናኝ የመሰሉ ነጥቦች ወደቁ፤ ከዚያ ብናኙ መሄድ ጀመረ። ማይት የሚሏቸው፣ በዓይን እምብዛም የማይታዩ የሸረሪት ወገኖች ናቸው፤ ሙቀትና ደረቅ አየር ይወዳሉ። ቅጠሉን ከሥር ወደ ላይ በኃይለኛ ውሃ አጠብኩ፣ ደረቁን እንጨት በፌስታል ጠቅልዬ። በየአራት ቀኑ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። መድኃኒት አላስፈለገም።

ጁላይ 20

ትንሽ መቀስ። ረዝመው የወጡትን ቀንበጦች ብቻ፣ ከሥራቸው። ጫፍ ጫፉን በጥፍር መቀንጠስ ድሮ ይመከር ነበር፤ ጥድ ግን ጉልበቱ ያለው ጫፉ ላይ ነው፣ ሁሉንም ከቀነጠስከው ይደክማል። ብዙ ከተቆረጠ ደግሞ ተቆጥቶ የልጅነት ቅጠሉን ያወጣል፤ ለስላሳው ቅርፊት መሰል ቅጠል ቀርቶ እሾህ። አምና ያበዛሁበት የግራ ቅርንጫፍ ዘንድሮ ሙሉ እሾህ ነው። ትቼዋለሁ፤ በሁለት ሦስት ዓመት ይመለሳል።

ኦገስት 10

ዋሽንግተን ወዳለው ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች መናፈሻ)፣ የቦንሳይ ሙዚየሙ ጋ ሄድኩ። መግቢያው ነጻ ነው። በአቅራቢያችን እንዲህ ያለ ቦታ እያለ ስንቱ አበሻ ሳያየው እንደሚኖር ይገርመኛል፤ እኔም ራሴ ስምንት ዓመት በአጠገቡ አልፌያለሁ። ጃፓን በ1976 አሜሪካ 200 ዓመቷን ስታከብር 53 ቦንሳይ ሰጠች፤ ሙዚየሙ የተጀመረው በዚያ ነው። ከነሱ አንዱ ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ የተያዘ የጃፓን ነጭ ፓይን ነው። ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ ከቦታው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከግንብ ጀርባ ነበርና ተረፈ። የሰጡት የያማኪ ቤተሰብ ይህን ሳይናገሩ ነው የሰጡት፤ እዚህ የታወቀው በ2001 የልጅ ልጆቹ ሊያዩት ሲመጡ ነው። 25 ዓመት ውሃ ያጠጣው ሰው ሁሉ ምን እንደሚያጠጣ አላወቀም።

የሄድኩበት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር፦ ጥዶቹን ከኋላ ለማየት። ከፊት ሁሉም ያምራል። አጎንብሼ ደረቁ እንጨት አፈሩን የሚነካበትን ቦታ ተመለከትኩ። ካየኋቸው ውስጥ አንድም የተደፈነ ፍልፍል አላገኘሁም።

ሴፕቴምበር 11

እንቁጣጣሽ። ማዳበሪያ በትንሽ ከረጢት፣ አራት ቦታ። እማዬ ለቀንዱ የአደይ አበባ ምትክ ከሱቅ የተገዛ ቢጫ አበባ አሰረችበት። ሦስት ቀን ተውኩት።

ኦክቶበር 26

ከሦስት ሳምንት በላይ ዝናብ የለም። ለገበሬው መርዶ ነው፤ ለእኔ እንጨት ግን እንዲህ ያለ መድረቂያ ተለምኖም አይገኝ። ወስፌው ሲነካው ይጮሃል።

የአምናውን ስህተት ዛሬ በትክክለኛው መንገድ ደገምኩት። ማጠንከሪያውን ታች ባለው ሁለት ሴንቲ ሜትር ላይ ብቻ፣ በፍልፍሉ ከንፈርም ዙሪያ፣ በጠብታ በጠብታ። እንጨቱ ደረቅ ስለሆነ እንደ አሸዋ ጠጣው። ፊቱ ላይ የቀረውን ወዲያው በጨርቅ ጠረግኩ፤ ከቀረ ያብረቀርቃል፣ ልባድም ይሆናል። የቀረውን ግንድ አልነካሁም። እሱ የሚፈልገው ንፋስ ነው።

ኖቬምበር 30

ቅጠሉ ወደ ነሐስ ቀለም ሄዷል። አምና ሞተ ብዬ ደንግጬ ነበር፤ የብርድ ልብሱ ነው፣ በጸደይ ይመለሳል።

ከጠረጴዛ አውርጄ መሬት ላይ፣ ከቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ንፋስ የማይደርስበት ቦታ አስቀመጥኩት። ሸክላው ዙሪያ የእንጨት ፍቅፋቂ ከመርኩ። መሬት ላይ ያለ ጥድ ብርድ አይፈራም፤ ሸክላ ውስጥ ያለ ሥር ግን ከአራቱም ጎን ነው የሚበርደው። ፍቅፋቂው ደረቁን እንጨት እንዳይነካ ግን ክፍት ቦታ ተውኩለት፤ አለዚያ ማርች ላይ የነቀልኩትን ስቱኮ በሌላ መልክ መመለሴ ነው።

ጃንዋሪ 6፣ 2025

የገና ዋዜማ፣ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት በላይ። እማዬ ዶሮ እየሠራች በመስኮት እያየች "አስገባው፣ ነፍስ አይደለም እንዴ?" ትላለች። እንቅልፉን ካላገኘ ነው የሚሞተው ብላት "አንተ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነህ" አለችኝ። መልስ የለኝም።

ቅርንጫፍ የሚያጎነብሰውን በረዶ ብቻ በእጄ አራገፍኩ፤ ሸክላው ላይ ያለውን ተውኩት፣ ለሥሩ ጋቢ ነው። ፍልፍሉ ውስጥ የገባውን በማንኪያ አወጣሁ። የበሳሁት ቀዳዳ በበረዶ ተዘግቶ ነበር፤ በወስፌ ከፈትኩት።

ማርች 8፣ 2025

ዓመቱ ሞላ። ያው ወስፌ፣ ያው ቦታ። ፍልፍሉ ወለል ላይ ወስፌው 2 ሚሊ ሜትር ገብቶ ቆመ። ከንፈሩ ላይ ጭራሽ አልገባም። በስተግራ አንድ ቦታ፣ የሻይ ማንኪያ የምታህል፣ አሁንም ለስላሳ ናት፤ መሮ ትጠብቃታለች። ሚያዝያ ላይ የላጥኩት የጅማት ጠርዝ ደርቋል፣ ከጎኑ ግን አዲሱ ልጥ ክብ ከንፈር አውጥቶ ቁስሉን መክበብ ጀምሯል።

ከዚያ ብሩሹን ይዤ ወደ ላይ ስወጣ ቀንዱ እጄ ላይ ቀረ።

ኃይል አልተጠቀምኩም። ሥሩ ላይ እንደ ብስኩት ተሰበረ። ሽማግሌው የሚኮሩበት ቀንድ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ታች ታቹን ስወጋ ወስፌዬ አንድ ጊዜ እንኳን እዚያ አልወጣም። ላይ ያለ፣ ንፋስ የሚያገኘው፣ ደህና ነው ብዬ። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚገናኝበት ላይ ግን ትንሽ ጉድጓድ ነበረች፤ የምስር ክክ የምታህል ውሃ የምትይዝ።

ስባሪውን ይዤ ገባሁ። እማዬ ተቀበለችኝ፣ የተሰበረውን ጫፍ አፍንጫዋ ጋ አደረገች፣ ዝም አለች። እንደገና አሸተተች።

"ቅድስት ማርያም ግቢ ውስጥ ነው ያለሁት" አለች።

እኔም አሸተትኩ። ዙሪያው ነጩ እንጨት ዱቄት ሆኗል፤ መሐሉ ላይ ግን የእርሳስ ውፍረት ያለው ቀይ ልብ አለ፣ እንደ ዛሬ የተቆረጠ ይሸታል። ወደ ጓሮ ተመልሼ ግንዱ ላይ የቀረውን ጉማጅ አየሁት። እዚያም አለ፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቀይ። ነጩን በመሮ ፍቄ ብጥለው አጭር ቀንድ ይወጣዋል። የምስር ክክ የምታህለውን ጉድጓድ ውሃው እንዲወርድ ጠርዟን እከፍታታለሁ።

ሰኞ ዕረፍት ነኝ። ስባሪው ረከቦቱ አጠገብ ነው፤ እማዬ አታቃጥይው ብያታለሁ።